የአክስቴ ጥርስና ሃያ የአውቶቡስ ትኬት

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ነበርኩ። ቡናው ተፈልቶ ቆሎው በሰፌድ ሲዞር አክስቴ አንድ እፍኝ ዘገነችና አጠገቧ ለተቀመጠው የልጅ ልጇ መዳፍ ላይ ገለበጠችው። «ብላልኝ» አለችው። ቤተሰቡ ለምዶታል፤ ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ የኖርኩ ቴክኒሺያን ነኝና አንጀቴ ተላወሰ።

አክስቴ እኮ ጥርስ አላት፤ ላይም ታችም፣ ሙሉ። እኔ ዱባይ በአንድ የጥርስ ላብራቶሪ ተቀጥሬ በነበርኩበት ጊዜ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ያሠራችው ነው። የሚቀመጠው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተቋጥሮ ነው። ለሠርግና ለፎቶግራፍ ይወጣል፤ ምግብ ሲቀርብ ተመልሶ ይቋጠራል። «ስበላበት ይዘላል፣ ስስቅበት ይወርዳል» አለችኝ። ያሳደገችኝ ናትና አንቺ ነው የምላት፤ «ለምን መልሰሽ አልወሰድሽላቸውም?» ስላት የሰጠችኝን መልስ ከዚያ ወዲህ ለማንም ደንበኛ እንዳልናገረው ምያለሁ። «ይለምዱታል» ተብላ ነበር። ለስድስተኛ ጊዜ ደግሞ ለመሄድ አቅሙም ጉልበቱም አልነበራትም።

ማታ ጥርሱን ተቀብያት ከመብራት ሥር አገላብጬ አየሁት። የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነው፤ ማለስለሱም አያሳፍርም። ጥፋቱ ከልኩ ነው። የላይኛውን ጥርስ የሚይዘው ማጣበቂያ አይደለም፤ ሁለት እርጥብ መስታወቶች ሲገጠሙ ለማላቀቅ እንደሚያስቸግሩት ሁሉ፣ በላንቃና በፕላስቲኩ መካከል ያለች ስስ የምራቅ ሽፋን ናት የምትይዘው። ዳር ዳሩን ከንፈርና ጉንጭ ከዘጉት አየር አይገባም፤ አየር ካልገባ አይወርድም። የኋላ ጠርዙ ደግሞ ጠንካራው ላንቃ አልቆ ለስላሳው ከሚጀምርበት፣ «አ» ስንል ከሚንቀጠቀጠው መስመር መድረስ አለበት። የአክስቴ እዚያ ሳይደርስ ቆሟል። ዳሮቹም አጥረዋል። ቁመቱ በጣም ዝቅ ስላለ አፏን ስትገጥም አገጯ ወደ አፍንጫዋ ይጠጋል፤ ከዕድሜዋ በላይ ያስረጃት እሱ ነው።

የታችኛው ሁልጊዜም ከላይኛው ይከፋል። የሚያቅፈው ላንቃ የለውም፤ ምላስ ይገፋዋል፤ የተቀመጠበት አጥንትም ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመና ሰዎችን እስከ 25 ዓመት የተከታተለ አንድ ጥናት የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከላይኛው በአራት እጥፍ ያህል እንደሚጎድል አሳይቷል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በፊት በልኩ የተሠራ ጥርስ እንኳ ዛሬ ሊላላ ይችላል፤ ከመጀመሪያውም ልኩን ያልያዘው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ነው።

አሁን ወደ ሃያው ትኬት ልምጣ። ሙሉ ጥርስ በተለመደው መንገድ ሲሠራ አምስት ቀጠሮ አለው። በመጀመሪያው የድድ ልክ አልጂኔት በሚባል፣ አፍ ውስጥ በሚረጋ ለስላሳ ሊጥ ይወሰዳል፤ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ጀሶ እናፈስስበትና ለዚያ አፍ ብቻ የሚሆን ማንኪያ መሳይ መያዣ እንሠራለን። በሁለተኛው በዚያ መያዣ ትክክለኛው ልክ ይወሰዳል። በሦስተኛው ሐኪሙ በሰም ግድግዳ የአፉን ቁመትና የመንጋጋውን ግጥሚያ ይለካል። በአራተኛው ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ይሞከራሉ። በአምስተኛው ሰሙ አክሪሊክ በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ተተክቶ፣ ተሞርዶና ተወልውሎ ይሰጣል። አክሪሊክ በጠንካራ ጎማ ቦታ ከገባበት ከ1930ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ መንገዱ እምብዛም አልተለወጠም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አክስቴ ብቻዋን አትሄድም፤ ልጇ ከሥራዋ ቀርታ ትከተላታለች። ሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ፣ አምስት ጊዜ፦ ሃያ ትኬት፣ 1,300 ኪሎ ሜትር። የምሳው፣ የታክሲውና የልጅቷ የቀረ ደመወዝ ሳይቆጠር።

ሰው ጥርስ ውድ የሚሆነው በዕቃው ብቻ ይመስለዋል። ዕቃውም ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ተቀላቅለው አክሪሊክ የሚሆኑት ዱቄትና ፈሳሽ፣ በካርድ ላይ በሰም ተለጥፈው የሚመጡት ስድስት የፊትና ስምንት የኋላ ጥርሶች፣ ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ አንድ ካርድ ጥርስ ስገዛ ስሌቱ ያመኛል። ያም ሆኖ እንደ አክስቴ ላለ ሰው ትልቁ ወጪ መንገዱ ነው። ርካሽ ጥርስ መሥራት የምንፈልግ ከሆነ ከዕቃው ከመቀነሳችን በፊት ከቀጠሮው እንቀንስ።

ግን የቱ ቀጠሮ ይቀነስ? ጥድፊያ የት እንደሚጎዳ በራሴ ጥፋት ተምሬአለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አዛውንት ለፋሲካ ጥርስ ፈልገው ነበር። በበዓሉ ሥጋ እንዲበሉ ብዬ አክሪሊኩን የሞላሁበትን ፍላስክ፣ ማለትም የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ በቀጥታ የፈላ ውኃ ውስጥ ከተትኩት። የሙያችን መጽሐፍ ውኃው በ74 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንዲቆይ፣ ከዚያ ወደ 100 ዲግሪ እንዲወጣ ያዛል። በችኮላ ሲሞቅ ገና ያልጠነከረው ፈሳሽ ከውስጥ ይፈላና አረፋ ይተዋል። የሽማግሌው የታችኛው ጥርስ ወፍራም በሆነበት ቦታ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ ነበር፤ ከላይ ሲያዩት አያስታውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሁለት ተሰበረ። እሳቸው ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እኔ ግን ፊታቸውን አልረሳሁም።

በኋላ ሌላም ነገር ገባኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። መጽሐፉ የሚለው 100 ዲግሪ በእኛ ድስት ውስጥ የለም። የአክሪሊኩ ፈሳሽም እንዲሁ ከባሕር ጠለል ይልቅ ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ እኔ በ74 ዲግሪ ለዘጠኝ ሰዓት፣ ሌሊቱን ሙሉ አሳድረዋለሁ። ወጣት ቴክኒሺያኖች ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ በቴርሞሜትር ለኩ፤ በዓይን የፈላ ውኃ በሁሉም ከተማ አንድ አይደለም። ሲወጣም በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን መክፈት ያጣምመዋል።

ሌሊቱ እንግዲህ አይነካም። ሊያጥር የሚችለው በሽተኛው የሚመላለስበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በካናዳ ሞንትሪያል የወጣ ጥናት ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ በረጅሙ መንገድ፣ ለግማሾቹ አንድ የአልጂኔት ልክ ብቻ በሚወሰድበት አጭር መንገድ ጥርስ አሠርቶ ነበር። በባለ ጥርሶቹ እርካታ ላይ ልዩነት አልተገኘም። ያንን ሳነብ ስንት ሰው በከንቱ እንዳመላለስን አሰብኩ። በርግጥ አጥንቱ እንደ አክስቴ በጣም ለሟሸሸ ሰው በአንድ ልክ ብቻ እተማመናለሁ አልልም።

አክስቴን በየካቲት አንድ ሰኞ ጠዋት አመጣኋት፤ ማረፊያዋ እኔ ቤት ሆነ። የአፉን ሥራ የሠራው አብሮኝ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ነው። አዲስ መያዣ አላሠራንም፤ ያንኑ ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን ጥርስ መያዣ አደረግነው። ሐኪሙ ያጠሩትን ዳሮች በሚለሰልስ ሙጫ አስረዘመ፣ ጉንጯንና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እንድትቀርጸው አደረገ፣ ውስጡን በስስ ሲሊኮን ሞልቶ ልኳን ወሰደ። ቁመቱን በሰም አራት ሚሊሜትር ያህል ከፍ አደረገና ግጥሚያዋን መዘገበ። በአንድ ጠዋት ሦስት ቀጠሮ አለቀ። ይህን ለማድረግ ኮምፒውተር አላስፈለገንም።

ኮምፒውተሩ የገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ጥርሱን ከነልኩ በስካነር ዙሪያውን አነሣሁት፤ ማታ ጥርሶቹን በስክሪን ላይ ደረደርኩ። ፕሪንተሩ ፈሳሽ ሙጫ በብርሃን እያጠነከረ፣ በአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ንብር ላይ ንብር እየጨመረ፣ አንድ ወጥ ነጭ የሙከራ ጥርስ ሠርቶ አደረ። በአልኮል ታጥቦ፣ እንደገና ብርሃን ተመትቶ ማክሰኞ ጠዋት አክስቴ አፍ ውስጥ ገባ። «ስልሳ ስድስት በይ» አልናት። ይህ ቁጥር ለእኛ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ቁመቱ ከበዛ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል፣ ካነሰ «ስ» ያፏጫል። ስልሳ ስድስት አለች፣ ደገመችው፣ ጥርት ብሎ ወጣ። «አ» ስትል የኋላው ጠርዝ ይዟል። ሐኪሙ የፊቱን ጥርስ ይዞ ወደ ታች ሲስበው አልወርድም አለ።

መስታወት ሰጠኋት። ብዙ ቆየችበት። ከዚያ «ልጄ፣ ፍንጭቴስ?» አለችኝ።

በልጅነቴ የማውቃት አክስቴ ፍንጭት ነበረች፤ ባሏ ያገባት በእሱ እንደሆነ ሲነገር ሰምቼ አድጌአለሁ። በመጀመሪያው ጥርሷ ጊዜ ማንም አልጠየቃትም። ድዷም በልጅነቷ የተነቀሰ ነው፤ ስትስቅ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታይ የነበረው ድድ በደማቅ ሮዝ ፕላስቲክ ተሸፍኖ «ድዴን ማን አቀላው?» ስትል ነው የኖረችው። በልክ መግጠም ሲባል እኔ ራሴ ለዓመታት የማስበው ሚሊሜትሩን ብቻ ነበር። ጥርሱ አፏ ላይ ቢጣበቅም የራሷ ካልመሰላት ወደ ነጠላው ቋጠሮ መመለሱ አይቀርም።

ስለዚህ የመጨረሻውን በፕሪንተር አላተምኩትም። የሙከራውን ጥርስ ቅርጽ በሲሊኮን ያዝኩና ተገዝተው የሚመጡትን ጥርሶች ቦታ ቦታቸው ከትቼ ሰም አፈሰስኩበት። ሁለቱን የፊት ጥርሶች በእጄ ትንሽ አራራቅኋቸው። ለድዱ ጠቆር ያለውን ዱቄት መረጥኩ፤ ነጋዴው እምብዛም ስለማይሸጥ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበር ያወጣው። ሌሊቱን በሙቀት የሚበስለው አክሪሊክ ዋጋውም ለእኛ ይቀላል፣ እንደማየውም በሲሚንቶ ወለል ላይ ቢወድቅ ከታተመው ይሻላል። ረቡዕ ቀኑን ስሞርድና ስወለውል ዋልኩ፤ አሥር ሰዓት ላይ አደረገችው። ሐሙስ ጠዋት ከምላሷ በታች በግራ በኩል ቀይ ቁስል ጀምሯት ነበር፤ ሐኪሙ ነጥቡን አግኝቶ ሞረደላት። ይህን ቀጠሮ የሚያስቀር ማሽን የለም፤ ማስቀረትም አይገባም። «ይለምዱታል» የሚባለው እኮ እዚህ ላይ ነው።

ዓርብ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የሁለት ሰው ደርሶ መልስ፣ አራት ትኬት። ለመጀመሪያው ሳምንት ሽሮና ገንፎ፣ ከዚያ ንፍሮ፣ በሁለቱም ጎን እኩል እያኘከች እንድትበላ ነገርኳት። ቆሎ ገና አልፈቀድኩላትም። ማታ ማታ አውልቃ ውኃ ውስጥ እንድታሳድረው፣ ሙቅ ውኃ እንዳትነካው፣ ስታጥበውም ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳፋ እንዲኖር ነገርኳት፤ ብዙ ጥርስ የሚሰበረው በቧንቧ ሥር ነው። ፋይሉ ኮምፒውተሬ ውስጥ ስላለ ቢጠፋባትም ቢሰበርባትም ቶሎ ልተካላት እችላለሁ፤ ተመላልሳ የምትለካበት ምክንያት የለም። ስካነር ለሌላቸው ላብራቶሪዎችም ቢሆን አሮጌውን ጥርስ ክዳን ባለው የሳሙና መያዣ ውስጥ በአልጂኔት ቀብሮ ቅጂውን ማውጣት የቆየና ርካሽ ዘዴ ነው፤ ለምን እንደተውነው አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ። ከማኅበሯ አራት ሰዎች ጥርሳቸውን ቋጥረው ያስቀመጡ እንዳሉ፣ አንደኛዋ ከስምንት ዓመት በፊት ያሠራች እንደሆነች፣ ሁሉም «እኛስ?» እንዳሉ ነገረችኝ። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረናል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልካቸውን እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ፈቃድ ባለው የአንድ ወዳጁ ክሊኒክ ውስጥ ይወስዳል፤ ስካነሩ በጀርባ ቦርሳ ይገባል። አልጂኔቱን ገዝቻለሁ። ጠቆር ያለውንም ዱቄት ነጋዴው ሁለት ብልቃጥ አስቀምጦልኛል።