ከቀኝ የሚከፈተው መጽሐፍ

የመጀመሪያውን ማንጋ፣ የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ ያነበብኩት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። አጎቴ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል አግኝቶ ያመጣልኝ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር። በእነዚህ ትርጉሞች የኋላ ገጽ ላይ «በተሳሳተ አቅጣጫ እያነበብክ ነው» የሚል ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ ይታተማል፤ ከእኔው መጽሐፍ ግን ያ ገጽ ተገንጥሎ ወጥቷል። ፊደል የቆጠርኩት ከግራ ወደ ቀኝ ነውና እንደማንኛውም መጽሐፍ ገለጥኩት። መጀመሪያ አካባቢ ሰዎች ያለቅሳሉ፤ ትንሽ ቆይቶ የተለቀሰለት ሰው ቆሞ ይስቃል። ይህ የደራሲው ጥበብ መስሎኝ ግማሹን በዚሁ ሁኔታ ዘለቅሁት።

ያቃናኝ አብሮ አደጌ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጎረቤታሞች ነበርን፤ እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ስላክ እሱ ቁርአን ቤት ይላክ ነበር። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ ምንም ሳይጠይቅ በቀኝ በኩል ከፈተው። «ይህ እንደ ኪታብ ነው የሚነበበው» አለኝ። ከላይ በስተቀኝ ካለው ሥዕል ጀመረ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ታች ወረደ፤ ዓይኑ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። እኔ ለመልመድ ወር ፈጅቶብኛል። የሁለት ቤት ልጆች በአንድ ግቢ ባያድጉ ኖሮ ያንን መጽሐፍ እስከ ዛሬ ገልብጬ የማነበው ይመስለኛል።

አኒሜን ግን ቀድመን እናውቀው ነበር። ዲሽ ያለው ጎረቤት ቤት ስፔስቱን በሚባለው የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ የጃፓን ካርቱኖችን እናያለን። ቋንቋውን ስለማንሰማ ታሪኩን ከፊታቸው እናነብበዋለን፤ ጓደኛዬም ከቁርአን ቤት ባገኛቸው ጥቂት ቃላት ይረዳናል። ከዓመታት በኋላ አንዱን ታሪክ በዋናው ቅጂ ሳየው፣ ያኔ ከነገረን ብዙው ትክክል ሆኖ አገኘሁት።

መሰብሰብ የጀመርኩት በኮፒ ነው። ሲዲ ቤት ገብቼ ያገኘሁትን እገዛለሁ፤ ሃያ ስድስት ክፍል በሁለት ዲስክ ተጨቁኖ ይገባል። አንዱ የዲቪዲ ገጽ በአንድ ንብርብር የሚይዘው 4.7፣ በሁለት ንብርብር ደግሞ 8.5 ጊጋባይት ነው። አሥራ ሦስት ክፍል እዚያ ውስጥ ሲታጨቅ ምስሉ ይፈረካከሳል፤ ሩጫ ወይም ዝናብ ሲመጣ ማያው ትናንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል። ከምስሉ የባሰው ግን ትርጉሙ ነበር። የአንድ ሰው ስም በሦስተኛው ክፍል አንድ ነገር ነው፣ በሰባተኛው ሌላ። አንድን ታሪክ «የተዘበራረቀ» ብዬ በደብተሬ ከጻፍኩ በኋላ የተዘበራረቀው የግርጌ ጽሑፉ መሆኑን ያወቅሁት ዋናው ዲስክ እጄ ሲገባ ነው። ስለዚህ ዲስክ ስገዛ ገልብጬ ማየት ለመድኩ። በፋብሪካ የተቀረጸው ከስሩ ብርማ ነው፤ በኮምፒውተር የተቀዳው ወደ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ያደላል፤ ምክንያቱም መረጃውን የሚይዘው ቀለም ነው፣ ቀለሙም ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል። ብርማ መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚታተም ሐሰተኛም አለ። አንድ ሙሉ ተከታታይ በአንድና በሁለት ዲስክ ካለቀ ተጠራጠሩ። ጃፓን ውስጥ አንዱ ዲስክ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብቻ ይዞ መሸጡ የተለመደ ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ዲስኬ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ መጣ። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ቡና ተፈልቶ ዴኩ ውስጥ ስከተው ማያው ላይ የወጣው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ ዲስኩ ለዚህ ክልል አይደለም ይላል። ዲቪዲ ሲፈጠር ዓለም ለገበያ ሲባል በስድስት ክልሎች ተከፋፍላ ነበር። አሜሪካ 1 ነች፣ ጃፓንና አውሮፓ 2፣ እኛ 5። ከዲቪዲ በኋላ በመጣው ብሉ ሬይ በተባለው ዲስክ ደግሞ ጃፓንና አሜሪካ ኤ ሲሆኑ እኛ ከአውሮፓ ጋር ቢ ውስጥ ነን። ይህን ሳላውቅ ዲስኩን በኮምፒውተር ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ ክልሉን ልቀይር ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔ እሺ እላለሁ፤ የአሜሪካውን ለማየት፣ ከዚያ ከዱባይ የመጣልኝን፣ እንደገና የአሜሪካውን። የኮምፒውተሩ ዲስክ አንባቢ ክልሉን ከአምስት ጊዜ በላይ እንደማይቀይር ያወቅሁት አምስተኛውን ከጨረስኩ በኋላ ነው። በአንድ ክልል ላይ ተቆልፎ ቀረ። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፤ ገንዘቡ የእኔ አልነበረም።

ደሴ ፒያሳ የሚሠሩ አንድ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበሩ። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ነገሩን ስነግራቸው «አብሽር» አሉኝ፤ ይህችን ቃል ወሎ ውስጥ የሰማት ሰው ሸክሙ እንዴት እንደሚቀልለት ያውቃል። ኮምፒውተሩን ትተው ዴኩን አምጣ አሉ። ብዙ ማጫወቻዎች በሪሞት ቁጥሮች ሲነኩ የክልል ገደባቸው ይነሳል፤ የእኔንም እንዲሁ ከፈቱት። ዋጋ ስጠይቃቸው ፊልሙን አምጥተህ አሳየኝ አሉ። ካዩ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ አንዲት ጎራዴ ይዛ ስለምትሮጥ ልጅ ጠየቁኝ። ደሴ ውስጥ ይህን ነገር የሚወድ ትልቅ ሰው የለም ብዬ አስብ ነበር።

ደብተሩ የተጀመረው ያኔ ነው። ዲስኩ አንድ ነው፤ ማየት የሚፈልገው ብዙ፤ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ያየሁትንና ያነበብኩትን በባለ መስመር ደብተር እየጻፍኩ ለጓደኞቼ አዞር ጀመር። ላላየው ሰው የሚጻፍ ግምገማ «ቆንጆ ነው»፣ «አሰልቺ ነው» በሚል አያልቅም። አንባቢው ሥራውን ምናልባት በጭራሽ አያገኘውም። እንዲያይ ማድረግ ያለብህ አንተ ነህ። በዚህ ምክንያት ከአሥር ስንት ብሎ ነጥብ መስጠትን አንድም ቀን አልወደድኩትም፤ ሰባት የሚለው ቁጥር ለማንም ምንም አያሳይም።

ትልቁን ስሕተቴን የሠራሁት በሁለተኛው ደብተር ላይ ነው። ፉልሜታል አልኬሚስት የተባለውን ተከታታይ በዲስክ አይቼ፣ እስከ መካከሉ ያለውን አወድሼ፣ መጨረሻውን ግን ደራሲዋ አበላሸችው ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሙሉ ወቀስኳት። እኔ ያየሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የጀመረውን ባለ 51 ክፍሉን ነበር። ሂሮሙ አራካዋ ማንጋውን በወርሃዊ መጽሔት ላይ የጀመረችው በ2001 ሲሆን የጨረሰችው በ2010 ነው፤ 27 ቅጽ። አኒሜው ሲሠራ የእርሷ ታሪክ ገና መንገድ ላይ ስለነበር ሠሪዎቹ የራሳቸውን መጨረሻ ጻፉ። የእርሷን መጨረሻ የተከተለው በ2009 የወጣው ባለ 64 ክፍሉ ነው። እኔ ያልጻፈችውን ነገር ጻፈች ብዬ ወቅሻታለሁ። ገጹን ቀድጄ መጣል እችል ነበር። ግን ሰባት ሰው አንብቦታል። ከስሩ እርማቱን ጻፍኩና ደብተሩን ለሰባቱም በየቤታቸው መልሼ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ግምገማ መጀመሪያ አንድ ነው፦ የትኛው ቅጂ፣ የስንት ዓመት፣ ስንት ቅጽ ወይም ክፍል፣ ታሪኩ አልቋል ወይስ ይቀጥላል፣ በማን ቋንቋ አነበብኩት።

ማንጋን ሦስት ጊዜ አነባለሁ። መጀመሪያ ለታሪኩ ነው፣ በፍጥነት። ሁለተኛው ለገጹ ነው፤ ሠዓሊው ሥዕሎቹ የሚገቡባቸውን ሣጥኖች እንዴት እንደደረደረ፣ የትኛውን እንዳሰፋ፣ ከሁሉም በላይ በግራው ገጽ ግርጌ የመጨረሻው ሣጥን ላይ ምን እንዳስቀመጠ። ገጽ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነውና ጎበዝ ሠዓሊ ጥያቄውን እዚያ ያስቀምጣል፤ መልሱን ከገጹ ጀርባ ይደብቃል። ሦስተኛው ለድምፅ ነው። ማንጋ ውስጥ ድምፅ ይሳላል። ጃፓኖች ልብ ሲመታ ዶኪ ዶኪ፣ ነገር ሲያበራ ኪራ ኪራ ይላሉ፤ ድምፅ ሲጠፋ እንኳ ለጸጥታው ሺን የሚል ድምፅ ይጽፉለታል። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች እዚህ ላይ ሲቸገሩ አያለሁ። አማርኛ ግን አይቸገርም! ልቤ ድም ድም አለ፣ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ቤቱ ጸጥ እረጭ አለ። ይህን ያስተዋልኩበት ምሽት ትዝ ይለኛል። ከዚያ በፊት ግምገማዬን ከእንግሊዝኛ በተኮረጀ አማርኛ ነበር የምጽፈው። ከዚያ ምሽት በኋላ አንድን ሣጥን ስገልጽ የምጀምረው ምን «እንዳለ» በመጻፍ ነው።

የሙዚቃውን ነገር ያስተማረችኝ እናቴ ነች። አንድ የቆየ ፊልም ከፍቼ ባለ 13 አውታሩ ኮቶ መደርደር ሲጀምር፣ ቡና እየቆላች ቀና አለችና «ይህ አምባሰል ነው» አለች። አይደለም፣ የጃፓን ነው አልኳት። «አምባሰልን ለእኔ ትነግረኛለህ?» አለችኝ። ሙዚቃ የሚያስተምር ወዳጄ በኪቦርድ ሲያወጣው እውነቷን ሆነ። የአምባሰል ቅኝት ከመነሻው ግማሽ ቶን፣ ከዚያ ሁለት ቶን፣ አንድ ቶን፣ ግማሽ ቶን፣ መጨረሻ ሁለት ቶን እየተራመደ ይመለሳል። ጃፓኖች ሚያኮ ቡሺ የሚሉት ቅኝትም በፒያኖ ሲለካ እርምጃው ያው ነው። በኋላ የዚያኑ ፊልም የአውሮፓ ዲስክ አገኘሁ። እናቴ ሰምታ «ዛሬስ ቀጠነ» አለች። እርሱም እውነት ነበር፤ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ ፓል በተባለው የአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት ብዙ ጊዜ በ25 ስለሚሮጥ አራት በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ጆሮዋን ከማንም ሐያሲ አብልጬ አምናለሁ።

የዲስክ አቀማመጥን ያስተማረኝ ክረምት ነው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ሲገባ በመያዣው ውስጥ ያለው የሥዕል ወረቀት ከላስቲኩ ጋር ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ቀለሙ ይነሳል። ሁለት ሽፋን እንዲህ አጥቻለሁ። አሁን ዲስኮቹን ከግድግዳ በራቀ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አቁሜ አስቀምጣለሁ፤ ከስር ከሰል በጨርቅ ቋጥሬ አደርጋለሁ። ስጠርግም ከመሐል ወደ ጠርዝ ነው እንጂ አላዞርም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ 64 ዲስኮች ነበሩኝ። ሣጥኑን የጤፍ ጆንያ ኋላ ደብቀን ወጣን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ነው ደብተሮቹን እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ እንደያዘቻቸው ያየሁት። ከእኔ ይልቅ እርሷ አስባላቸዋለች። በታኅሣሥ ስንመለስ ጤፉ የለም፣ ቴሌቪዥኑና ዴኩ የሉም፣ ዲስኮቹ በግቢው ተበትነዋል። ለቅሜ ለቅሜ 31 አገኘሁ። ዲቪዲ መረጃውን የሚይዘው በሁለት የ0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች መካከል ነው፤ ስለዚህ ከስር የተጫረውን በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብዬ እያሸሁ 23ቱን አዳንኩ። ብሉ ሬዮቹ አልዳኑም። የእነርሱ መረጃ ከላዩ የ0.1 ሚሊሜትር ሽፋን ብቻ ነው ያለው፤ ማሸት ይገድላቸዋል፣ እኔም አንዱን ገድዬ ነው የተማርኩት።

ሰው ሕይወቱን ባጣበት ወቅት ስለ ዲስክ ማዘን ተገቢ ነው ወይ ብዬ ለወራት ለማንም አላወራሁም። አብሮ አደጌ ቤቴ መጥቶ «ስለዚያች ጎራዴ ስለያዘችው ልጅ የጻፍከውን አምጣ» ሲለኝ ነው ደብተሩን የከፈትኩት። ዱባይ ያለችው እህቴ እየፈለገች ትልክልኛለች፤ አሁን 40 ደርሻለሁ።

የኮቶው ፊልም ከጠፉት ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ቅጂ። ባለፈው የጾም ወቅት እናቴ እርሱን ክፈትልኝ አለችኝ። የለም አልኳትና ደብተሩን አውጥቼ አነበብኩላት፤ «በ41ኛው ደቂቃ ዝናቡ ዶፍ ይሆናል። ሴትዮዋ መዝጊያውን ትዘጋለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ አውታር ብቻ…» «አዎ፣ እዚያ ላይ ነው» አለች፣ ሲኒውንም አስቀመጠችና ከዚያው አውታር አንስታ በለሆሳስ ማዜም ጀመረች።