ስቲቭ የሚለውን ፊልም አይታችሁታል?

ኪሊያን መርፊ የሚሰራበትን "ስቲቭ" ኔትፍሊክስ ላይ አይቼው በጣም ነው የነካኝ። የወጣው በ2025 እ.ኤ.አ ነው፣ ታሪኩ ግን 1996 ላይ እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ ሌላ ትምህርት ቤት ያልቻላቸው ወንድ ልጆች የሚኖሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የአንድ ቀን ውሎ ነው በቃ። በዛ ቀን ሁሉም ነገር አንዴ ነው የሚመጣባቸው፣ የቲቪ ሰዎች ካሜራ ይዘው ግቢውን ወረውታል፣ ልጆቹ ይደባደባሉ፣ በዛ ላይ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው ይባላሉ።

ርእሰ መምህሩ ስቲቭ በመድሃኒትና በመጠጥ ነው ቆሞ የሚሄደው፣ ለልጆቹ ያለው ፍቅር ግን ቅንጣት አይጎድልም። አንጀቴን የበላኝ ሻይ የሚባለው ልጅ ነው፣ ጄይ ላይኩርጎ ነው የሚሰራው፣ እናቱ በስልክ ከእንግዲህ አንገናኝም ስትለው ፊቱን ብታዩት! እንዴት እናት ለልጇ እንዲህ ትላለች ብዬ ተንገበገብኩ። ትሬሲ ኡልማን ደሞ አማንዳን ሆና ስትቆጣም ስታቅፍም የእውነት አስተማሪ ነው የምትመስለው።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር፣ ፊልሙ የተሰራው ከማክስ ፖርተር መጽሐፍ ነው፣ እሱ ሲጽፈው ታሪኩ የልጁ ነበር፣ ርእሱም በልጁ ስም "ሻይ" ነው፣ ፊልሙ ግን ወደ አስተማሪው አዞረው፣ ስለ ልጁ ትንሽ ቢጨምሩልን ደስ ይለኝ ነበር። አስተማሪ የሆናችሁ ግን የግድ እዩት።