"ሥራ ጥላ ሄዳለች" ተባልኩ፤ የተባረርኩት ግን በጻፍኩት ነበር

በሐሳባችሁ ምክንያት ስትባረሩ፣ ምክንያቱን በወረቀት ጽፎ የሚሰጣችሁ አለቃ የለም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29፣ ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን ይዤ የምከራከር መስሎኝ ነበር። ክርክሩ ግን የሆነው ስለ አንድ የግቢ በርና ስለ አንድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው።

መጀመሪያ ፌስቡክ ገጼ ላይ የጻፍኩትን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ወደ ውጭ የሚጮኽ ድምፅ ማጉያ ይጥፋ። የቤተ ክርስቲያንም፣ የመስጊድም፣ የጸሎት አዳራሽም፣ የመጠጥ ቤትም። ጸሎቱ ይቀጥል፤ ድምፁ ግን ከግቢ አይውጣ። የአገራችን የድምፅ መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው ብዬም ጨመርኩበት። በሰፈራችን አራስ አለች፣ በሽተኛ የሚያስታምሙ ቤተሰቦች አሉ፣ ለፈተና የሚያጠኑ ልጆች አሉ። እኔ ራሴ ጾም የማልገድፍ ሰው ነኝ። ሐሳቤ ዛሬም ያው ነው።

መጀመሪያ ላይ ከጓደኞቼ በቀር ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ አንዱ ስክሪንሹት አንስቶ "የቤተ ክርስቲያንም" እስከሚለው ድረስ ቆረጠው። ሌላው ደግሞ "የመስጊድም" የሚለውን ብቻ አስቀርቶ በቴሌግራም በተነው። ከሁለቱም ወገን ስድብ ይዘንብብኝ ጀመር። አንዱ የሌላው ተላላኪ አደረገኝ። አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች እናቴን ሰደቡ። ከወንድሜ ሠርግ ላይ ፎቶዬን አውጥተው ለጠፉት። ይህን ብዙ አልዘረዝርም፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

"በጥላቻ ንግግር እንከስሻለን" ያሉም ነበሩ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አውርጄ አነበብኩት። ሕጉ የሚከለክለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ወይም በቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻ፣ መድልዎ ወይም ጥቃት ማነሳሳትን ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል፤ ጥቃት ካስከተለ ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡት። "ሌሊት ድምፅ ቀንሱ" ማለት ግን እዚያ ውስጥ የለም። ካነበብኩት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የሥራ ቦታዬን ያገኙት ከፌስቡክ ገጼ ላይ ነው። የግል ድርጅት ውስጥ በደንበኞች አገልግሎት ነበር የምሠራው፤ 6 ዓመት አልፎኛል። የቢሮው ስልክ ይጮኽ ጀመር። "ካላባረራችኋት ደንበኝነታችንን እናቋርጣለን" የሚሉ ነበሩ። የቀጣሪያችሁን ስም ዛሬውኑ ከገጻችሁ አንሱ። ለኮሜንት መልስ አትስጡ፤ ሙሉውን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ከላይ ሰክታችሁ ዝም በሉ።

የሰው ኃይል ኃላፊው ጠራኝና ሁለት ወረቀት አስቀመጠልኝ። አንዱ ገጼ ላይ እንድለጥፈው ራሳቸው የጻፉት ይቅርታ ነበር። "ሃይማኖትን በማንቋሸሼ" ይላል። ሌላው "በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ" የሚል ነው።

"ለራስሽ ስል ነው" አለኝ። "በፈቃድሽ ብትለቂ ንጹህ መልቀቂያ እሰጥሻለሁ። ሌላ ቦታ ትቀጠሪያለሽ።"

"ያላንቋሸሽኩትን ነገር አንቋሽሻለሁ ብዬ ልፈርም?" አልኩት።

"ነገሩ እስኪበርድ ነው፣ እህቴ።"

ሁለቱንም አልፈረምኩም። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። ብዙ ሰው "ይቅርታ በይና ይለፍ" ይላችኋል፤ እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ያላላችሁትን ነገር ብላችሁ ይቅርታ ከጠየቃችሁ፣ ያ ወረቀት ነገ በእናንተው ላይ ማስረጃ ነው የሚሆነው። የመልቀቂያውን ወረቀት ከፈረማችሁ ደግሞ ተባረርኩ ማለት አትችሉም፤ የካሳ ጥያቄያችሁም እዚያው ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

በማግስቱ ጠዋት ባጄ በሩን አልከፍት አለ። ጥበቃው ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ሁልጊዜ ሰላም የምንባባል። "ልጄ፣ ስምሽ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ እንዳታስገባት ተብያለሁ" አሉኝ። ደብዳቤ እንዳለ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ጋ ምንም የለም። ለኃላፊው ደወልኩ። "ለጊዜው ቤትሽ ሁኚ፣ እንጠራሻለን" አለኝ።

ይቺ "ቤትሽ ሁኚ" የምትል ቃል ናት ወጥመዷ። በስልክ ተነገረች እንጂ የትም አልተጻፈችም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቀጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከሥራ መቅረቱ ነው። የማሰናበቻ ጽሑፍ ለሠራተኛው በእጁ መሰጠት አለበት። ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ ግን በድርጅቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት መለጠፍ ይበቃል። አያችሁት? በር ዘግተው ያስቀሯችኋል፤ ከዚያ ቀረች ብለው በሰሌዳ ይጠሯችኋል። ሰሌዳው ያለው ከተዘጋው በር ውስጥ ነው።

የነገረችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። በምሳ ሰዓት ደውላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ወደ ሥራሽ ተመለሽ የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎብሻል" አለችኝ። ያን ዕለት የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የሰደቡኝን ሰዎች ረስቻቸዋለሁ። ያን ወረቀት አርቅቆ፣ ማኅተም መትቶ፣ ስልክ ቁጥሬን እያወቀ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ሰው ግን አልረሳውም። የተማረ ሰው ነው። የሚሠራውን ጠንቅቆ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በሥራ መግቢያ ሰዓት በሩ ላይ መቆም ጀመርኩ። ብቻዬን አይደለም። ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤት አሉን፤ እሳቸውን ይዤ እሄድ ነበር። ስከለከል ይሰማሉ፣ ቀኑን ማስታወሻቸው ላይ ይጽፋሉ። እዚያው ቆሜ ለኃላፊው በቴሌግራም እጽፍለታለሁ፦ "ለሥራ መጥቼ በሩ ላይ ተከልክያለሁ።" ያነበዋል፤ አይመልስም። ይኸው ይበቃኛል። "ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ የተከለከልኩበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልኝ" የሚል ደብዳቤም ፖስታ ቤት ሄጄ በሪኮማንዴ ላክሁ። አንቀበልም ብለው መለሱት። የተመለሰውን ፖስታ ሳልከፍት ከነደረሰኙ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ሌላው ንዴቴ እዚህ ነው።

መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ ሳያየኝ "የስንብት ደብዳቤ" አለ።

"አልሰጡኝም። የመጣሁትም ለዚህ ነው።"

"ደብዳቤ ከሌለ አልተባረርሽማ።"

"ታዲያ ለምን አያስገቡኝም?"

"እሱን እነሱን ጠይቂ።"

ሌላ ቀን ሌላ ሠራተኛ አገኘሁ። እሷ ደግሞ ትሑት ነበረች፤ ግን በትሕትናዋ የባሰ ልትጎዳኝ ነበር። "ክስ ምን ያደርግልሻል? በሽምግልና እንጨርሰዋለን፣ እንጠራቸዋለን፣ ታገሺ" አለችኝ። ጠራቻቸው፤ አልመጡም። ደግማ ጠራች፤ ጠበቃቸው ቀጠሮ ይለወጥልኝ አለ። እኔ እየታገስኩ ቀኑ ይሄዳል።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ለሚመለከተው ቢሮ የቀረበ አቤቱታ ይርጋውን ያቋርጣል የሚል ድንጋጌ አለ፤ ለዚህ ግን አቤቱታው መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። መዝገብ ቁጥር ስጠይቃት "ገና ስላልተስማማችሁ አልተመዘገበም" አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። የሰው ኑሮ በእጃቸው እንዳለ የማይገባቸው ሰዎች መስኮት ላይ መቀመጥ የለባቸውም።

ስለዚህ ቢሮዎቹ ከሚሉት ተቃራኒውን እላችኋለሁ። "መጀመሪያ በስምምነት ሞክሩ" ሲሏችሁ እሺ በሉ፤ ክሱን ግን ጎን ለጎን ክፈቱ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። አቅም ለሌላት ሴት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም እንዲህ ዓይነት ማዕከል አላቸው። ቀጠሮ ያልፋል፣ ሽምግልና ይደገማል። ያለፈ ይርጋን የሚመልስ ግን የለም።

ራፖር ጸሐፊው የጻፈልኝ ክስ በአንቀጽ 29 ነበር የሚጀምረው። ደስ ብሎኝ ነበር። ያነበበችው ጠበቃ ግን ያን ገጽ ወደ ኋላ አዛወረችው። "እነሱ በሐሳብሽ አባረርናት አይሉም። ስለ በሩ እናውራ" አለችኝ። ከፋኝ። ትክክል ነበረች።

ድርጅቱ በመልሱ ስለ ጽሑፌ አንዲት ቃል አላነሳም። ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ የይቅርታ ወረቀት አልነበረም። "ከሳሽ ሥራ ጥላ ሄዳለች" ብቻ ነው። ባልደረባዬ ልትመሰክርልኝ ፈራች። አልተቀየምኳትም፤ ልጆች አሏት። ድርጅቱ የጥበቃ ኃላፊውን ምስክር አድርጎ አመጣ። ጠበቃዬ አንድ ነገር ጠየቀችው፦ ባጇ የተዘጋው መቼ ነው? ሰውዬው ቀኑን ተናገረ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈበት ቀን በፊት ነበር። ክርክሩ ያን ጊዜ አለቀ። እውነቱን ስለተናገረ አመሰግነዋለሁ።

ሕጉ የሥራ ክርክር በ60 ቀን ይወሰን ይላል። የእኔው ከዚያ በጣም ዘገየ። ፍርዱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው አለ። ወደ ሥራ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ከድርጅቱ ጋር ያለኝ ግንኙነት ሻክሯል ተብሎ በካሳ እንድሰናበት ተወሰነ። የ180 ቀን ደመወዝ፣ የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያና የሥራ ስንብት ክፍያ።

አሸነፍኩ ይሉኛል። አዎ፣ አሸነፍኩ። ነገር ግን ፍርዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ የተባረርኩበት ነገር ውስጡ የለም። አዋጁ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት ማባረርን ይከለክላል፤ በዚህ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። እኔ የጻፍኩት ስለ ድምፅ ማጉያ ነው። የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል? ይገባል ብንል እንኳ ምክንያቱን የያዘው ቀጣሪው ነው፤ እሱ ዝም ካለ ማስረጃ የለም። በእኔ እምነት ምክንያቱን በጽሑፍ ሳይሰጥ በር የዘጋ ቀጣሪ፣ ሠራተኛው ያለው ምክንያት እውነት ተደርጎ ሊወሰድበት ይገባል። አለዚያ አንቀጽ 29 ከቢሮ በር መለስ ያለ መብት ሆኖ ይቀራል። በድርጅቱ ስም ብናገር ኖሮ ይጠይቁኝ፤ መብታቸው ነው። የጻፍኩት ግን በራሴ ገጽ፣ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ሰዓት ነው።

የሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ "በዲሲፕሊን ጉድለት" ብለው ጽፈውበት ነበር። መለስኩት። ሕጉ በማስረጃው ላይ እንዲሰፍር የሚጠይቀው የሥራውን ዓይነት፣ የቆየሁበትን ጊዜና ደመወዜን ነው። ሁለተኛው ተስተካክሎ መጣ። በእሱ አሁን ያለሁበት ቦታ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከበፊቱ ያንሳል። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ጽሑፉ ጠየቁኝ፤ ሙሉውን ከስልኬ አውጥቼ አስነበብኳቸው።

ካሳው ወዲያው እጃችሁ ይገባል ብላችሁ እንዳታስቡ። ካልከፈሉ ሌላ መዝገብ፣ የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍታላችሁ፤ ያኔ ገንዘባቸው የት እንዳለ ማሳየት የእናንተ ሥራ ይሆናል። ደመወዝ የገባላችሁበትን የባንክ መግለጫ ሥራ ላይ እያላችሁ አውጡ። ከየትኛው ባንክ፣ ከየትኛው ሂሳብ ይከፍሏችሁ እንደነበር ከእሱ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔን ያስከፈለኝ እሱ ነው።