የወላጆቼን የጭቃ ቤት ሳላፈርስ እንዴት አደስኩት

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለው የወላጆቼ ቤት ቋሚው ጽድ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። ግድግዳው ሲሰነጠቅና የጓዳው በር አልዘጋም ሲል ያማከርኳቸው ሁሉ «አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው» አሉኝ። አልተዋጠልኝም። እንደዚያ ያለ ጽድ ዛሬ በገንዘብም አይገኝም፤ ደግሞስ ስንጥቁ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ምኑ ይፈርሳል?

በውስጥ በኩል ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፌ ቀኑን ጻፍኩበት። በጋውን ሙሉ ምንም አልሆነም፤ ሐምሌ ሲጋመስ ጀሶው ለሁለት ተከፈለ። ቤቱን የሚጎዳው ክብደት ሳይሆን ውሃ ነበር። ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ግድግዳው ሥር ይተኛል፤ ከዓመታት በፊት የተለሰነው ስሚንቶ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ይዞታል። ልስኑን ስናነሳ የማእዘኑ ቋሚ እግር በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ከጉልበት በላይ ያለው ግን ሚስማር እንኳ በመከራ ነው የሚገባበት።

ስለዚህ ገንዘቤን በመጀመሪያ ያወጣሁት ለውሃው ነው። በዳገቱ በኩል፣ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል አርቄ ቦይ አስቆፍሬ በጠጠር ሞላሁት፤ ለጣሪያው አሸንዳ አስገጠምኩ። ቦዩን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት አደገኛ ነው፤ የቋሚዎቹን መያዣ አፈር ያሳጣቸዋል።

እግሮቹን የቀየሩልኝ አንድ አረጋዊ አናጢ ናቸው። ጣሪያውን በሞራሌ ደግፈው፣ ሸክሙ ከቋሚው ላይ እስኪነሳ ብቻ በመኪና ክሪክ ገፋ አደረጉት። ከፍ እንዲያደርጉት ስጠይቃቸው «የለም ልጄ፣ ከዚህ ካለፍን ጭቃው ይረግፋል» አሉኝ። የበሰበሰውን ቆርጠው አዲስ ጽድ በረጅሙ አደራርበው በቡሎን አሰሩት፤ እንጨቱ አፈር እንዳይነካም ከመሬት ከፍ ባለ ጥርብ ድንጋይ ላይ አቆሙት። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም።

ከዚያ የቋሚዎቹን አናት ዙሪያውን በሞራሌ አያያዝን፤ ማእዘኖቹን በብረት አጠናከርን። ይህን ማንም እንዳይተወው እለምናለሁ። ደሴ የስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ላይ ናት፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያወደመው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው በዚሁ ዳርቻ ነው። የእንጨትና የጭቃ ቤት ቀላልና ተጣጣፊ በመሆኑ መንቀጥቀጥን የመቋቋም ዕድል አለው፤ መጋጠሚያዎቹ ከላሉ ግን አይችለውም።

ስሚንቶው ተነሥቶ ግድግዳው ሰንብቶ በቦካ ጭቃ ተመረገ፤ በላዩ 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ አሸዋ ተለሰነ። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል።

አዲሱን ወጥ ቤት በብሎኬት ሠራሁት፤ ከአሮጌው ግን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አራቅሁት። ከባዱና ቀላሉ ቤት ሲንቀጠቀጡ አወዛወዛቸው ስለሚለያይ፣ ከተጣበቁ ይጋጫሉ። ክፍተቱን ዝናብ እንዳይገባበት በታጠፈ ቆርቆሮ ሸፈንነው፤ ሚስማሩ የተመታው በአንድ በኩል ብቻ ነው።