ምጥ ሳይመጣ መድረስ

ስለ ገጠር ጤና ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው ቶሎ የሚለው አምቡላንስ ነው። አምቡላንስ የለም፣ ካለም ነዳጅ የለውም፣ ነዳጅ ካለው ደግሞ ስልኩን የሚያነሳ የለም። እውነት ነው። ግን እኛ ሀገር፣ ደቡብ ወሎ ደጋው ላይ፣ አምቡላንስ ቢደረደርም የማይደርስበት ሰፈር ሞልቷል፣ መንገዱ ራሱ የለማ! ክረምት ላይ ጭቃው መኪና ይውጣል፣ ገደል ስር ያሉት ጋ ደግሞ በጋም ቢሆን መኪና ገብቶ አያውቅም፣ ስለዚ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ነው የምትወጣው፣ ጎረምሶቹ እየተቀባበሉ፣ ከኋላ ማርያምም አላህም እየተጠሩ፣ ዳገቱን ጨርሰው ጥርጊያው መንገድ ላይ ሲደርሱ ገና መኪና መጠበቅ ይጀመራል። ደም እየፈሰሳት ከሆነ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የላትም፣ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚገድለው።

ለዚህ ነው የእናቶች ማቆያ የሚባለውን ነገር የምወደው። ለማያውቅ ሰው፣ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለ ቤት ነው፣ ርቃ የምትኖር ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ ሁለት ሶስት ሳምንት ቀድማ ትመጣና እዛው ትቀመጣለች፣ ምጧ ሲመጣ ግቢውን ማቋረጥ ብቻ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፣ ወልቂጤ አጠገብ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ስንት ዘመን ሰርቶበታል። እንደ ፈረንጆቹ ከ1987 እስከ 2008 ያለው መዝገቡ ተጠንቶ፣ ማቆያው ገብተው ከወለዱት የሞቱት ከ100,000 ወደ 90 ሲሆኑ ሳይገቡ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። በርግጥ ሳይገቡ ከመጡት ብዙዎቹ ቤት ሞክረው ሲያቅታቸው የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው አይባልም፣ ግን ዋናው ነገርስ እሱ አይደል እንዴ፣ ሳይረፍድ መድረስ።

ባለፈው የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ አንዱ ማቆያ ሄጄ ነበር። ሽሮውንም ዱቄቱንም ማገዶውንም ከቤታቸው ተሸክመው ነው የመጡት። ቡና ተፈልቷል፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር ትሰራለች። አዋላጇ ገብታ ግፊታቸውን እየለካች አንዷን የወር አበባሽ መቼ ነው የቀረው ስትላት "ለጥምቀት አይቻለሁ፣ ከዛ ወዲህ የለም" አለቻት፣ አዋላጇም በጣቷ ቆጥራ "እንግዲያው ጥቅምት አጋማሽ ነው የኔ እመቤት"። አልትራሳውንድ በሌለበት ቀን የሚቆጠረው እንዲህ ነው። ጥግ ላይ ያለችው ግን ነጠላዋን አጣጥፋ ልትሄድ ተነስታ ነበር። "ልጆቼን ማን ያበላልኛል፣ ላሚቱንስ ማን ያልብልኛል?" አዋላጇ ለመነቻት፣ እሺ አላለችም፣ ሄደች።

እና "ግንዛቤ የላቸውም" የሚባለው ነገር በጣም ያናድደኛል። ያቺ ሴት ምን ጎደላት ግንዛቤ? አደጋውን አውቃ ነው የመጣችው፣ ቤቷን የሚይዝላት ሰው ነው ያጣችው። ህዝቡማ እየተለወጠ ነው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት ጤና ተቋም የወለዱት ከ100 26 ብቻ ነበሩ፣ በ2019 ወደ 48 ደርሷል። ይሄን ያመጡት በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ናቸው ብዬ ነው የማምነው፣ በእግራቸው፣ በዛች ደሞዝ። ግን እነሱም ላም አያልቡላት!

ይሄን የሚችለው ጎረቤት ነው። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ እህሉንም እንጨቱንም ሰውንም በአንድ ቀን ያሟላል፣ ቃሬዛ የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው። ታዲያ እናቲቱ በእግሯ እያለች ለምን አይሆንም? ለሶስት ሳምንት ልጆቿን አንዷ ጎረቤት ትያዝ፣ ላሚቱን ሌላዋ ትለብ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ እህል ወደ ማቆያው ይሂድ። ለቅሬያችን ዳኛ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ፣ "ነገሩ ደግ ነው፣ ስንሰበሰብ አነሳዋለሁ" ብለውኛል። ከተማ ያለን የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ብርድ ልብስና ድስቶች ለመግዛት ብር ማዋጣት ጀምረናል። እናንተ ሀገር ማቆያ ካለ ምግቡን ማን እንደሚችል፣ ባሎችስ እንዴት እሺ እንዳሉ ፃፉልኝ፣ ለስብሰባው ይጠቅመኛል።