ወረንጦውን ያስጣለኝ የሐምሌ ሥላሴ

ለ11 ዓመት ወረንጦ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። መምህርት ነኝ፤ ክፍል ከመግባቴ በፊት መስታወት ፊት ቆሜ ወደ ውስጥ የታጠፈውን የቀኝ ዓይኔን ሽፋሽፍት እነቅል ነበር። ሲነቀል እፎይ እላለሁ፤ ብዙም ሳይቆይ አጭርና ሻካራ ሆኖ ይበቅልና ብሌኔን እንደ እሾህ ይፍቀዋል። ተማሪዎቼ "ዛሬም እያለቀሰች መጣች" ይባባሉ ነበር።

ያደግሁት ደምቢያ ነው። የዓይን ማዝ (ትራኮማ) በልጅነቴ ደጋግሞ ይዞኝ የዓይን ቆቤን ውስጡን አጠባስሶት ኖሯል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ከነፀጉሩ ወደ ውስጥ ይስበዋል። እናቴ በዚሁ ሕመም ብርሃኗን አጥታ ነው ያረፈችው። ይህን እያወቅሁ እንኳ ከቀዶ ሕክምና ሸሸሁ። ወር በገባ በ7 የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ "ጌታዬ፣ ያለ ምላጭ ማረኝ" እላለሁ።

የንስሐ አባቴ "ጠበሉን አትተዪ፤ ግን ሲራክ 38ን አንብቢ፣ ሐኪምን አክብር ይላል" አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሌላ የንስሐ አባት ልይዝ አስቤ ነበር።

ሐምሌ 7 ከቅዳሴ ስወጣ ዝናብ ነበር። እግሬ ወደ ቤት አልሄደም፤ ስንት ጊዜ ከደጃፉ የተመለስሁበት የዓይን ሕክምና ክፍል ገባሁ። ልቤ ዝም ብሏል። እኔን የማውቅ እኔ ነኝና ተአምር የምለው ይህንን ነው።

የሠራችልኝ ለዚሁ የሠለጠነች ነርስ ናት። የማደንዘዣው መርፌ ያማል፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ መጎተት ብቻ ነው። ከሽፋሽፍቱ መስመር ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብላ ቆቡን ቆረጠች፤ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙራ በክር ሰፋችው። አቡነ ዘበሰማያትን ስንት ጊዜ እንደደገምሁ ሳላውቅ "እናቴ፣ ጨርሰናል" አለችኝ።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ከፈትሁ፤ እንደገና ጨፈንሁ። የሚፍቅ ነገር የለም። ክሩ በ10ኛው ቀን ወጣ። ጎረቤቴ "እንዲህ አምሮብሽ ልታገቢ ነው እንዴ?" አለችኝ። ፀጉሩ ሊመለስ ስለሚችል ለክትትል እመላለሳለሁ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ቀና ስል ዓይኔ እንባ ይሞላ ስለነበር፣ ከሥላሴ የማውቀው ወለሉን ነው። ነሐሴ 7 ቀና አልሁ። ጣሪያው ላይ የተሣሉ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ረድፍ በረድፍ፣ ሁሉም ዓይናቸውን አፍጥጠው። 30 ላይ ስደርስ ተምታታብኝና ከጥጉ እንደገና መቁጠር ጀመርሁ።