ባሃራኖ፦ አንድ ትሪ ላይ ያለ መባ

ባሃራኖ የሲንድ፣ ማለትም ዛሬ በፓኪስታን ያለው ክልል፣ ሂንዱዎች ለውሃው አምላክ ለጁሌላል የሚያቀርቡት መባ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ትሪ ላይ ያልቃል። በፈረንጆች 1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ፣ ሕንድ ውስጥ ከካልያን ከተማ አጠገብ በነበረው የጦር ካምፕ፣ በኋላ ኡልሃስናጋር በተባለው፣ ለተጠለሉት ስደተኞች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። መቅደሶቻቸውም ኢንደስ ወንዝም ድንበር ማዶ ቀርተዋል።

ሥራው ያለው ትሪው ላይ በሚበራው የሊጥ መብራት ላይ ነው። የስንዴ ዱቄት ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል፤ ውሃው ጠብ ጠብ እየተደረገ ይጨመር። ሊጡ ከላላ ጎኑ ይሟሽሽና ዘይቱ ይፈሳል፤ ከደረቀም ተሰንጥቆ ያፈሳል። መሃሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርጎ አምስት የጥጥ ፈትል መደርደር፣ ከዚያ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ መሙላት። ፈትሉ አስቀድሞ ዘይት ካልጠጣ እሳቱ ጥጡን በልቶ ይጠፋል።

አጠገቡ የውሃ ማሰሮ ይቀመጣል፤ በላዩ ኮኮናት፣ ጨርቅ፣ አበባና ቅጠል። የድንጋይ ስኳር፣ ሄል፣ ፍራፍሬ፣ አኮ የሚባለው ሩዝና ስኳርም ይጨመራሉ። ዝማሬው ሲያበቃ የልብስን ጫፍ ዘርግቶ መለመን አለ፤ ፓላቭ ይባላል። ከዚያ መባው ወደ ውሃ ይወርዳል። ወንዝ ከሌለ ሐይቅ ወይም ባሕር ይሆናል። ፕላስቲክና ብልጭልጭ ወረቀት ግን አስቀድመው ይውጡ፤ ለውሃ አምላክ የሚሰጥ መባ ውሃውን ማቆሸሽ የለበትም።

ጁሌላል በሥዕል ነጭ ጺሙን አውርዶ ፓላ በሚሉት ዓሣ ላይ ተቀምጧል። ሲንድ ውስጥ ኡዴሮ ላል በተባለው ስፍራ የሂንዱዎቹ መቅደስና የሙስሊሞቹ መቃብር አንድ ግቢ ይጋራሉ፤ ሙስሊሞቹ በመቃብሩ ያረፈውን ሼኽ ጧሂር ይሉታል። በፈረንጆች 1274 በሲንዷ ከተማ ሴህዋን ላይ ያረፈው ታላቁ ሱፊ (የእስልምና መንፈሳዊ መምህር) ላል ሻህባዝ ቃላንዳርም በዜማ የሚወደሰው በዚሁ በጁሌላል ስም ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል በሚውለው በቼቲ ቻንድ፣ በአዲስ ዓመታቸው፣ ሕንድ ያሉ ሲንዶች የቃላንዳርን ዜማ ሲያነሱ ሰምቶ «ከየት መጣ?» የሚል ሰው ይህን ይወቅ። ዜማውን ከሌላ አልተዋሱትም፤ ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚጾሙት ቻሊሆ የተባለው ጾምም እንዲሁ ከሱፊዎች ልማድ ጋር ይመሳሰላል። ስሙ ከአርባ የመጣ ሲሆን ጾሙም 40 ቀን ነው፤ ሱፊዎች ቺላ ብለው ለብቻቸው ተገልለው የሚቆዩበት ጊዜም 40 ቀን ነው።